ዝም ያለ መሣሪያ ምን መሰከረ?

ይስሐቅ ዓይኑ ፈዝዞ ሳለ በረከቱን ለማን እንደሚሰጥ ለመለየት ልጁን የመረመረበት ታሪክ በኦሪት ዘፍጥረት ተጽፏል። በዐውደ ምሕረት ሲነገር ትኩረቱ በብኩርናውና በበረከቱ ላይ ነው፤ የበረከቱ ምሥጢር ለመምህራኑ ይቆይና እኔ የምርመራውን ሥርዓት ልመልከት። ማየት የተሳነው አባት አራት ምስክር ጠራ። በጆሮው ድምፅ ሰማ፤ በእጁ ክንድ ዳሰሰ፤ በምላሱ የቀረበለትን መብል ቀመሰ፤ በአፍንጫው የልብስ ሽታ አሸተተ። ጆሮው ያዕቆብ ነው አለው፤ የቀሩት ሦስቱ ዔሳው ነው አሉት። ሦስቱ በአንዱ ላይ በረቱና ፍርዱ ወደ እነሱ አጋደለ። ነገር ግን የጠቦቱን ለምድ በያዕቆብ ክንድ ላይ ያደረገች፣ መብሉን የሠራች፣ የታላቁን ልጅ ልብስ አውጥታ ለታናሹ ያለበሰች አንዲት ሴት ናት፤ ርብቃ። ሦስት ሆነው የቀረቡት ምስክሮች ከአንድ እጅ የወጡ ነበሩ። ይስሐቅ ቈጠራቸው እንጂ ምንጫቸውን አልጠየቀም። እጁም ቢሆን አልዋሸችም፤ ጠጕር ዳሰሰች፣ ጠጕር ነው አለች። ስሕተቱ የገባው ጠጕራም ከሆነ ዔሳው ነው ተብሎ አስቀድሞ በተያዘው ሐሳብ በኩል ነው።

ዛሬ በእጃችንና በዙሪያችን ያሉት መሣሪያዎች የሚሠሩት በዚሁ ሥርዓት ነው። ሴንሰር የምንለው ነገር ልባሱ ሲገፈፍ አንድ ቁስ ነው፤ አንድ ነገር ሲነካው የሚለወጥ፣ ለውጡም ሊነበብ የሚችል ቁስ። ሁለት የተለያዩ ብረቶች ተጋጥመው አንዱ መጋጠሚያ ሲሞቅ ኤሌክትሪክ እንደሚፈስባቸው ዜቤክ እ.ኤ.አ. በ1821 ካደረገው ሙከራ ወዲህ ይታወቃል። ኳርትዝ ሲጫኑት በገጹ ላይ የኤሌክትሪክ ሙል እንደሚታይ ደግሞ የኩሪ ወንድማማቾች በ1880 አሳዩ። ከዚያ በኋላ የመጡት፣ በስልካችን ውስጥ ያሉትን ጨምሮ፣ በዚሁ መንገድ የተገኙ ናቸው። መሐንዲሱ ቁሱን ሲመርጥ ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ ይወስናል፤ መሣሪያው ምን እንደሚሰማና ምን እንደማይሰማ። የመጀመሪያው ውሳኔ በሳጥኑ ላይ በደማቁ ይጻፋል። ሁለተኛው ብዙውን ጊዜ አይጻፍም። የኔ ጥያቄ የሚነሣው ካልተጻፈው ነው፤ ነፍስ የሌለው ቁስ እንደ ምስክር ከተጠራ፣ ዝም ሲል ዝምታው እንደ ቃል ሊቈጠር ይገባል ወይ? በዝምታው ታምኖ ሰው ቢጐዳስ ማን ይጠየቃል? መልሴን ከወዲሁ ልናገር። ቁሱን የመረጠ ሰው ምስክሩን ያቆመ ሰው ነው፤ ስለዚህ ለቃሉ ብቻ ሳይሆን ለዝምታውም ባለዕዳ ነው። የሐሰት ምስክርነትን የሚከለክለው ትእዛዝ ከፍርድ አደባባይ አልፎ እስከ መሐንዲሱ ጠረጴዛ፣ እስከ ግዥ ኮሚቴውም ስብሰባ ድረስ ይደርሳል ብዬ አምናለሁ።

ነገሩ የመማሪያ ክፍል ክርክር ብቻ ሆኖ እንዳይቀር ወደ ፎገራ ሜዳ ላውርደው። ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚወስደው መንገድ ወረታ ሲደረስ፣ ጉማራና ርብ ከላይ እየጠረጉ ያመጡት ደለል በጣና ምሥራቃዊ ዳር ያነጠፈው ለጥ ያለ አገር ይታያል። ቀድሞ በክረምት ውሃ እየተኛበት ለከብት ግጦሽ ይተው የነበረው መሬት ከ1970ዎቹ ወዲህ ሩዝ ገባበት። የሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች እጅ የነበረበት ያ ጅምር ኤክስ-ጅግና የሚባለውን ዝርያ ለገበሬው አስተዋወቀ፤ ዛሬ ወረታ የብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል መቀመጫ ናት። እንደ ቁሐር ሚካኤል ባሉት ቀበሌዎች ሩዙ ሲነሣ በቀረው እርጥበት ጓያና ሽምብራ ይዘራል። ገበሬውን የሚያበላው ውሃ ግን የወባ ትንኝም ያራባል። ዝናቡ ካባራ በኋላ፣ ከመስከረም እስከ ኅዳር ባለው ጊዜ፣ ትኩሳት የያዘው ሰው ጤና ኬላ ሲደርስ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ወባ ነው። ብዙ አንባቢ ሴንሰር ሲባል ሽቦና ባትሪ ይታየዋል። በዚህ ሜዳ ላይ ከሁሉ ይበልጥ የሰው ሕይወት የተንጠለጠለበት ሴንሰር ግን ሽቦም ባትሪም የለውም፤ የወባው ፈጣን መመርመሪያ ነው።

ቀረብ ብለን እንየው። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ የታማሚውን ጣት ወግታ አንዲት ጠብታ ደም ትወስዳለች፤ ከነጩ የፕላስቲክ ካሴት ትንሿ ቀዳዳ ላይ ታሳርፋታለች፤ ሌላው ቀዳዳ ላይ ጥቂት ጠብታ ፈሳሽ ታክልና አሥራ አምስት፣ ሃያ ደቂቃ ትጠብቃለች። ፕላስቲኩ ውስጥ ያለው ናይትሮሴሉሎስ የሚባል ስስ ነጭ ቅጠል ነው። ደሙ በቅጠሉ ላይ እየተሳበ ሲሄድ በመንገዱ ላይ ደርቆ የሚጠብቀውን ወርቅ ያነሣል። ወርቁ እጅግ ስለደቀቀ፣ አርባ ናኖሜትር ግድም ስለሆነ፣ ቢጫ መሆኑ ቀርቶ ቀይ ሆኖ ይታያል። በእያንዳንዱ የወርቅ ቅንጣት ላይ አንድን ፕሮቲን ብቻ የሚይዝ ፀረ እንግዳ አካል ተለጥፏል። ያ ፕሮቲን በደሙ ውስጥ ካለ ወርቁ ከመስመሩ ላይ ይያዝና ቀይ ሰረዝ ይወጣል። ከዚያ ወዲያ ሌላ ሰረዝ አለ፤ መቈጣጠሪያው። እሱ ሁልጊዜ መውጣት አለበት፤ ካልወጣ ካሴቱ ይጣላል። ልብ ሊባል የሚገባው ግን ይህ መቈጣጠሪያ የሚያረጋግጠው ፈሳሹ እስከ ዳር መድረሱንና ወርቁ መሥራቱን ብቻ መሆኑ ነው። ምስክሩ ችሎት መቅረቡን ይነግረናል፤ ያየው ነገር እውነቱን ሁሉ ይሸፍን እንደሆነ ግን አይነግረንም።

ፋልሲፓረም ለሚባለው የወባ ዓይነት የተመረጠው ፕሮቲን ኤችአርፒ2 ይባላል። ምርጫው የዘፈቀደ አልነበረም። ጥገኛው ተውሳክ በብዛት ያመነጨዋል፤ ሙቀት አይበግረውም፤ አንዱ ሞለኪውል ለፀረ እንግዳ አካሉ ብዙ መያዣ ስላለው ጥቂት ተውሳክ እንኳ ቢኖር ሰረዙ ይደምቃል። ማቀዝቀዣ በሌለበት፣ መኪና በማይገባበት ቀበሌ ለሚሠራ መሣሪያ ከዚህ የተሻለ ምስክር ማግኘት ከባድ ነበር። ጉድለቱም ቢሆን ከመነሻው ይታወቅ ነበር፤ ሰውየው መድኃኒት ወስዶ ከዳነ በኋላ ፕሮቲኑ ለሳምንታት በደሙ ውስጥ ስለሚቆይ መሣሪያው ያለፈውን ወባ እንዳለ አድርጎ ይናገራል። ይህ ግን ቀላሉ ጉድለት ነው። ከባዱ የታየው እ.ኤ.አ. በ2010 ከፔሩ አማዞን በወጣ ጥናት ነው፤ ፕሮቲኑን የሚሠራው ጂን ጨርሶ የሌላቸው፣ ግን ሰውን እንደ ወትሮው የሚያሳምሙ ተውሳኮች ተገኙ። ብዙም ሳይቆይ ኤርትራ ውስጥ በግልጽ ወባ የታመሙ ሰዎች በመሣሪያው ነፃ ሲባሉ ታየ፤ አገሪቱም በ2016 መመርመሪያዋን ለወጠች። ቀጥሎ ተራው የኛ ሆነ። በአማራ፣ በትግራይና በጋምቤላ ክልሎች የድንበር አካባቢ 12,572 ሰዎችን ያሳተፈው ጥናት በ2021 ሲታተም፣ በኤችአርፒ2 የሚሠራው መመርመሪያ በጂኑ መጥፋት ምክንያት ከፋልሲፓረም ታማሚዎች 9.7 በመቶውን ሊስት እንደሚችል ገመተ። የዓለም ጤና ድርጅት መሣሪያው ይለወጥ የሚለው ቁጥሩ ከ5 በመቶ ሲያልፍ ነው። ጥናቱ የተሠራው ፎገራ ላይ አይደለም። ነገር ግን ከደቡብ ጎንደር ለሰሊጥ ሥራ ወደ መተማና ሁመራ ቆላ ወርዶ የሚመለሰው ወጣት ብዙ ነው፤ ተውሳኩም አብሮት ይመለሳል።

ከቁጥሩ ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ የዚያው ጥናት ሌላ ግኝት ነው። ጂኑ የጠፋባቸው ተውሳኮች እንዲሁ በአጋጣሚ ብቻ የተበራከቱ አይመስሉም፤ በዘረመላቸው ላይ በቅርብ ዘመን የበረታ የተፈጥሮ ምርጫ ምልክት ታይቷል። አሠራሩን ለመረዳት አያስቸግርም። በመሣሪያው የተያዘው ሰው መድኃኒት ያገኛል፤ በደሙ ያለው ተውሳክም ይሞታል። መሣሪያው ዝም ያለለት ሰው ሳይታከም ወደ ቤቱ ይሄዳል፤ ተውሳኩ በትንኝ በኩል ወደ ሌላው ይተላለፋል። በየዓመቱ በመቶ ሺሕ ጊዜ ሲደጋገም መሣሪያው የማይሰማው ዘር ይበዛል። እንግዲህ መሣሪያው ከዳር ቆሞ የሚያይ ገለልተኛ ታዛቢ አልነበረም፤ መስማት የማይችለውን ነገር እያፈራ ነበር። የፍልስፍና መጻሕፍት ስለ ማወቅ ሲነጋገሩ ዐዋቂውን ከሚታወቀው ነገር ለይተው ማስቀመጥ ይወዳሉ። እዚህ ግን ምርመራው ራሱ ተመርማሪውን ለወጠው። ቁስ መምረጥ ግብረ ገብ ያለበት ሥራ ነው ስል በዋናነት የምይዘው ማስረጃ ይህ ነው።

በዚህ ሐሳብ ላይ የሚነሣው የመጀመሪያው ተቃውሞ ቁስ ፈቃድ የለውም፣ ፈቃድ የሌለው አይዋሽም፣ ስለዚህ ስለ ሐሰት ምስክርነት ማውራት ነገር ማጋነን ነው የሚል ነው። ቁሱ አለመዋሸቱን አምናለሁ። ወርቁ ፕሮቲኑን አላገኘሁም ነው ያለው፤ እውነቱን ነው። ነገር ግን በጤና ኬላው መዝገብ ላይ የሚጻፈው ኔጋቲቭ የሚል ቃል ነው፤ ታማሚው ሰምቶት የሚሄደውም ወባ የለብህም የሚል ነው። አላገኘሁም የሚለው የለም ወደሚል የተሻገረው በወርቁ ሥራ አይደለም። ሰው ያሻገረው ነው፤ ድልድዩም የተሠራው ሠራተኛዋ ካሴቱን ከመክፈቷ ከብዙ ዓመት በፊት፣ ፕሮቲኑ በተመረጠ ጊዜና መመሪያው በተጻፈ ጊዜ ነው። አባቶቻችን በዚህ ነገር ላይ ጥንቁቅ ነበሩ። በአውጫጭኝ ሥርዓት ሌባ ሲፈለግ የአካባቢው ሰው አንድ ላይ ተሰብስቦ ነገሩ እስኪወጣ ይቆይ ነበር፤ ዝም ያለ ሰው ዝም ስላለ ብቻ ሌባ የለም ተብሎ ጉባኤው አይበተንም ነበር። ሥርዓቱ የራሱ ጭካኔና በደል ነበረው፤ ይመለስ አልልም። ግን አንድ ነገር በትክክል ይዟል፤ ዝምታ ገና ያልተመረመረ ነገር እንጂ ያለቀለት ማስረጃ አይደለም።

ዝምታን እንደ ቃል መውሰድ ምን እንደሚያስከፍል ይህ አገር ራሱ አይቶታል። በ1997 ዓ.ም. ከፎገራ አጎራባች በሆነው በሊቦ ከምከም ትኩሳት ይዟቸው፣ ከስተው፣ ሆዳቸው አብጦ የሚሞቱ ሰዎች በዙ። መጀመሪያ የተጠረጠረው መድኃኒት የተላመደ ወባ ነበር። የነበረው ዕውቀትና የነበረው መሣሪያ የሚያዳምጠው ወባን ስለሆነ ሌላው በሽታ ቢጮህም የሚሰማው አልነበረም። በመጨረሻ ካላ አዛር መሆኑ ታወቀ፤ በደጋው ዳር ይገኛል ተብሎ የማይጠበቅ፣ ቆላ ወርደው ከሚመለሱ ሠራተኞች ጋር የሚያያዝ በሽታ። ማንም ሆን ብሎ አልዋሸም። ሰው ግን ሞቷል።

የኦክስጅን መለኪያው ነገር ደግሞ ከሁሉ ይከነክነኛል። ጃፓናዊው ታኩኦ አኦያጊ እ.ኤ.አ. በ1974 ሐሳቡን ይፋ ያደረገው ፐልስ ኦክሲሜትር፣ በኮቪድ ጊዜ ሁሉም ሰው ያወቀው በጣት ላይ የሚነከስ መሣሪያ፣ ቀይ ብርሃንና ዓይን የማያየው ብርሃን በጣት ውስጥ አሳልፎ ደሙ የያዘውን ኦክስጅን ያሰላል። በብርሃኑና በደሙ መካከል ግን ቆዳ አለ፤ የቆዳ ቀለምም ብርሃን ይውጣል። በታኅሣሥ 2020 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ መሣሪያው ከ92 እስከ 96 በመቶ እያነበበላቸው በደም ምርመራ ግን ኦክስጅናቸው ከ88 በታች ሆኖ የተገኘው በጥቁር ታካሚዎች 11.7፣ በነጭ ታካሚዎች 3.6 በመቶ ነበር። ብርሃኑ ማንንም አይጠላም፤ ሲሊከኑም ዘር አያውቅም። ነገር ግን መሣሪያው በማን ጣት ላይ ተስተካከለ፣ በማንስ ጣት ላይ ሳይፈተሽ ወደ ገበያ ወጣ የሚለውን የመለሰው ሰው ነው። ጥያቄውን ሳይጠይቁ ማለፍም አንድ መልስ ነው። የታፈነ ሰው በመልኩ ምክንያት ደህና ነህ ሲባል፣ ማንም ሐሰት ለመናገር ስላላሰበ ሐሰት አልተነገረም ማለት አይቻልም።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከዚህ ይበረታል። ሰው የተወሰነ ፍጡር ነው፤ ሁሉን አስቀድሞ የማያውቅ ሁሉ ጥፋተኛ ከተባለ መሣሪያ የሚሠራ አይኖርም። ደግሞስ ፈጣሪ የሰጠን ሕዋሳትም ጎዶሎ አይደሉም ወይ? በ1960ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ በደምቢያና በፎገራ ብዙ ሰው እግሩ ሽባ የሆነው ጓያ በልቶ ነው። ምላስ የሽሮውን ጣዕም አውቃለች፤ ነርቭ የሚገድለውን መርዝ ግን አላወቀችም። እውነት ነው፤ ዓይናችንም ጆሯችንም ወሰን አላቸው፤ ይህ የፍጡርነታችን ልክ እንጂ ኃጢአት አይደለም። እኔም አኦያጊን ወይም ኤችአርፒ2ን መጀመሪያ የመረጡትን ሰዎች አልከስም። የምለው ወሰን እንዳለን ማወቃችን ራሱ ዕዳ ያስከትላል ነው። ጓያ የሚጐዳ መሆኑን የአካባቢው ሰው ካወቀ በኋላ ምላሱን ብቻ አላመነም፤ እህሉን ማቀላቀልና መዘፍዘፍ ተማረ። የሕዋሱን ጉድለት በሌላ ጥበብ ሞላ። መሐንዲስም የማያውቀውን እንዲያውቅ አይጠየቅም፤ የማያውቀው ነገር ሲመጣ የሚገለጥበትን በር ክፍት አድርጎ እንዲተው ግን ይጠየቃል። ከ2010 በፊት ማንንም አልወቅስም። ከዚያ በኋላ ግን ማስጠንቀቂያው በአደባባይ ነበር፤ ኔጋቲቭ ከተባለ ታማሚ ጥቂቱ እንኳ በየጊዜው በሌላ ዘዴ መፈተሽ ነበረበት፤ ይህ ባልተደረገበት ቦታ ሁሉ አለማወቁ ንጹሕ አለማወቅ አልነበረም።

እዚህ ላይ የኦሪት ሕግ አንድ ነገር ያግዘናል። ነገር በአንድ ሰው ቃል አይጸናም፤ ሁለት ወይም ሦስት ምስክር ይፈለጋል። ሴንሰር የሚሠሩ ሰዎችም ይህን በራሳቸው መንገድ ደርሰውበታል፤ አስፈላጊ በሆነ ቦታ አንዱን መለኪያ በሁለትና በሦስት ይደግሙታል። ነገር ግን የይስሐቅ ታሪክ ሕጉ ቁጥር ብቻ አለመሆኑን ያሳያል። ጂኑ የጠፋበትን ተውሳክ በያዘ ሰው ላይ ያንኑ ካሴት አሥር ጊዜ ቢደግሙት አሥር ጊዜ ዝም ይላል፤ አሥሩም ለምዱን ዳሳሾች ናቸው። ሁለተኛ ምስክር የሚባለው በሌላ ምክንያት የሚሳሳት ምስክር ነው። ስለ ወባው ሁለት አሉ። አንዱ ማይክሮስኮፕ ነው፤ ተውሳኩን ራሱን ያያል፤ ነገር ግን የሠለጠነ ዓይንና ጊዜ ይፈልጋል። ሌላው ኤልዲኤች የተባለውን፣ ተውሳኩ ያለሱ ሊኖር የማይችለውን ፕሮቲን የሚይዝ ካሴት ነው። እሱም ነፃ ስጦታ አይደለም፤ ሙቀት በቀላሉ ይጐዳዋል፣ ሰረዙም ይደበዝዛል። ግን ሲሳሳት ከመጀመሪያው ጋር አብሮ አይሳሳትም፤ ዋጋው ያ ነው።

ሦስተኛው ተቃውሞ የድኃ ተቃውሞ ነው፤ በትሕትና ሊሰማ ይገባዋል። ከአንድ ዶላር በታች የሚገዛ ካሴት ባይኖር ኖሮ በጤና ኬላው ትኩሳት ሁሉ በግምት ወባ ተብሎ በታከመ፣ ወይም ሳይታከም በቀረ ነበር። ፍጹም ያልሆነ ምስክር ከምስክር እጦት ይሻላል፤ ስለ ዝምታ የሚፈላሰፍ ሰው ሆዱ የሞላ ነው። የመጀመሪያውን ክፍል ሙሉ በሙሉ እቀበላለሁ፤ ይህ ካሴት ስንት ነፍስ እንዳተረፈ የሚጠራጠር ሰው በቆላው ወባ የኖረበትን ዘመን አያውቅም። የማልቀበለው ርካሽ ስለሆነ ግልጽ መሆን አይጠበቅበትም የሚለውን ነው። ግልጽነት ውድ አይደለም። በዚያው በአማራ ክልል በሮቢት ባታና በዳንግሽታ መስኖ ላይ የተሞከረውን የእርጥበት ጠቋሚ እንውሰድ፤ ከመሬት የሚቀበር የፕላስቲክ ማጥለያ፣ አሸዋና ተንሳፋፊ ዘንግ ብቻ ነው። ውሃው ወደዚያ ጥልቀት ሲደርስ ዘንጉ ከመሬት በላይ ብቅ ይላል። ባትሪ የለውም፤ ቁጥር አይናገርም። ገበሬው ሲጠራጠር አጠገቡ በዶማ ቆፍሮ አፈሩን በእጁ ጨብጦ ያነጻጽራል። ርካሽ ሆኖ ሳለ የሚያውቀውንና የማያውቀውን ለባለቤቱ አሳልፎ ይሰጣል። ደግሞም ድኃው በርካሹ መሣሪያ ሲሳሳት የሚጠጋበት ሁለተኛ ሐኪም ስለሌለው፣ የመሣሪያው ዝምታ እሱን ከባለጠጋው ይልቅ ይጐዳዋል። ድህነቱ የጥንቃቄውን ዕዳ ያከብደዋል እንጂ አያቀልለውም።

አራተኛውን ተቃውሞ የሚያነሣው ሃይማኖተኛው ነው። ዝናብና ጎርፍ፣ ጤናና በሽታ በፈጣሪ እጅ ናቸው፤ ይህን ሁሉ መለካት በእርሱ ሥራ መግባት አይሆንም ወይ? ታቦተ ሚካኤል ባለበት አገር ይህ ጥያቄ ከልብ ይነሣል፤ ሰኔ 12 ቀን ገበሬው የመላእክት አለቃውን የሚለምነው ክረምቱ በልክ እንዲገባለት ነውና። ነገር ግን በዚያው ዕለት በግብፅ ያሉት ክርስቲያኖችም ሚካኤልን ሲያከብሩ የዓባይን መሙላት ያስባሉ። ዓባይን ይለካ የነበረው የሮዳ ደሴት የዕብነ በረድ ዓምድ እ.ኤ.አ. በ861 በካይሮ ሲሠራ፣ ክርስቲያኑም እስላሙም መለካቱን ከጸሎቱ ጋር ሲያጣላው አልኖረም። የኛ ቤተ ክርስቲያንም በቅዳሴዋ ስለ ዝናሙና ስለ ወንዞቹ ትጸልያለች፤ በባሕረ ሐሳብ ደግሞ ዘመን ትቈጥራለች፤ አበቅቴና መጥቅዕ ማውጣት እምነት ማጉደል ተብሎ አያውቅም። ቶማስም ካልዳሰስኩ ባለ ጊዜ እንዲዳስስ ተፈቅዶለታል። ሃይማኖት የሚከለክለው መለካትን አይደለም። የሚከለክለው የተለካውን ከእውነት ሁሉ ጋር አስተካክሎ ማቆምን ነው፤ ፍጡር የሠራውን ነገር ሁሉን ዐዋቂ አድርጎ ማመን ጣዖት ወደማምለክ ይጠጋል። በዚህ ረገድ ከማሽኑ ቃል ሌላ አልሰማም የሚለው ሰው ከሃይማኖተኛው ይልቅ በአጉል እምነት ተይዟል ብል ማጋነን አይመስለኝም።

ወንዙንም ብንወስድ ነገሩ አንድ ነው። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ድሬዳዋ በጎርፍ በተመታችበት ዓመት ፎገራም ተጥለቅልቆ ነበር። የጉማራ ከፍታ ለብዙ አሥርተ ዓመታት ሲመዘገብ የኖረው በመንገዱ ድልድይ አጠገብ ነው። እዚያ የሚተከለው መለኪያ ልኬት የተሠመረበት ሳንቃ ቢሆን በሰው ዓይን ይነበባል፤ የግፊት ሴንሰር ቢሆን ከውሃው ሥር ያለ ስስ ገጽ በውሃው ክብደት ይጎብጣል፤ በራዳር የሚሠራ ቢሆን ከድልድዩ ላይ ሆኖ ውሃውን ሳይነካ ይለካል። ደለል በሚሸከም ወንዝ ውስጥ የግፊቱ ሴንሰር አፉ በጭቃ ይደፈንና ለውሃው መውጣት ይዘገያል፤ ራዳሩ ከዚህ ይድናል። ሆኖም ሦስቱም የሚያዩት ከድልድዩ ሥር ያለፈውን ነው። ወንዙ ከመለኪያው በላይ ዳሩን ጥሶ ወደ እርሻው ከወጣ፣ ያ ውሃ ለሦስቱም የለም፤ ከፍተኛ ጎርፍ በመዝገቡ ላይ አንሶ ይታያል። በዚህ ጊዜ በሌላ ምክንያት የሚሳሳተው ምስክር የሜዳው ሰው ነው፤ ውሃው የትኛው ግንብ ላይ እንደደረሰ፣ የማን ማሳ ላይ ስንት ቀን እንደተኛ የሚያውቀው እሱ ነው። ስለዚህ ለጎርፍ ማስጠንቀቂያ የሚታሰብ ማንኛውም መሣሪያ የገበሬውን ቃል የሚቀበልበት ቦታ ከንድፉ ጀምሮ ሊኖረው ይገባል። የገበሬውን ምስክርነት ኋላቀር ግምት ብሎ የሚጥል ንድፍ በምሁርነቱ አልቀነሰም የሚል ካለ፣ የጎደለው ውሃ የት እንደገባ ያስረዳን።

እንግዲህ ከቁሱ መራጭ የምንጠይቀው ምንድን ነው? ጥቂት ነው። በካሴቱ ሳጥን ላይ ምን እንደሚይዝ በተጻፈበት ፊደል ልክ ምን እንደሚያመልጠው ይጻፍ፤ የሚጻፈውም በእንግሊዝኛ ተጣጥፎ በሚገባው ቀጭን ወረቀት ላይ ብቻ ሳይሆን ሠራተኛዋ በምታነበው ቋንቋ ይሁን። ገዥው መሥሪያ ቤት ዋጋና ጥራት ሲያወዳድር ይህ ምስክር በምን ምክንያት ይሳሳታል፣ ሲሳሳት በማን እናውቃለን ብሎ ይጠይቅ። በጤና ኬላውም መዝገብ ላይ ኔጋቲቭ በሚለው ፋንታ በምን ተፈልጎ እንዳልተገኘ ይስፈር። ትኩሳቱ ያልለቀቀው ሰው ወደ ጤና ጣቢያ ሲላክ በያዘው ወረቀት ላይ ወባ የለበትም ተብሎ ከተጻፈ ማይክሮስኮፕ ላይ ያለው ባለሙያ ወባን ዘሎ ሌላ በሽታ ይፈልጋል። በኤችአርፒ2 አልተገኘም ተብሎ ከተጻፈ ግን መጀመሪያ የደም ስላይዱን ያዘጋጃል።